ቀይ ብሎን አይነካም

«አየሩን አውጥተኸዋል?»

ጠያቂው አጎቴ ነው። ጥያቄው ግራ አጋባኝ። በእጄ የያዝኩት ጎማ ከሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን አይበልጥም። ውስጡ ስፖንጅ እንጂ አየር የለውም፤ ጭራሽ ቸርኬው ላይ አየር እንዲወጣበት ሆን ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ አለ። በሪሞት የምትነዳ፣ ከእውነተኛዋ አሥር እጥፍ የምታንስ መኪና ጎማ ነው። ለፋሲካ ሐረር ቤተሰብ ጋ ሄጄ፣ በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ፣ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ እየፈታሁ ነበር። አጎቴ ቡናውን ይዞ ሲያልፍ የቸርኬውን ዙሪያ አየና ቆመ።

«አየር የለውም'ኮ፤ መጫወቻ ነው» አልኩት።

«አቦ እሱማ አያለሁ!» አለ። ግን አልሄደም። በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

(አጎቴን «አሉ» ሳይሆን «አለ» ማለቴ የሚከነክነው አንባቢ ካለ፣ ንቀት አይደለም። የሐረርና የድሬ ልጅ «አንቱ» ብዙም አይሆንለትም። አዲስ አበባ ስመጣ ከዩኒቨርሲቲው ሒሳብ በላይ የከበደኝ እሱ ነበር።)

አጎቴ ከአርባ ዓመት በላይ ጎሚስታ ሆኖ ኖሯል። እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሁን ኮድ እየጻፍኩ እበላለሁ። ስለ ሥራው ያን ቀን ድረስ የረባ ነገር ጠይቄው አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ከነገረኝና እኔም በኋላ ካነበብኩት የተሠራ ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። ዓይነቷ ክሮውለር ይባላል። ሥራዋ መፍጠን ሳይሆን ድንጋይ መውጣት ነው። ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት፣ አንዱን ጎማ እዚህ ሌላውን እዚያ እየረገጠች፣ ለሷ ገደል የሚሆንባትን ነገር ትወጣለች። ጨዋታው ብዙ ዕድሜ የለውም። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 «ክሎድ በስተር» የምትባል ባለ ትልልቅ ጎማ መኪና አወጣ፤ ጨዋታው የያዛቸው ሰዎች እሷን እየፈቱ፣ እየቆረጡና እየቀጠሉ ድንጋይ ላይ ይሞክሯት ጀመር። ኋላ አክሲያልና ትራክሳስ ለዚሁ ብለው የሠሯቸውን ይዘው ገበያ ገቡ። የኔዋን ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በሻንጣው ይዟት መጣ፤ ሁለተኛ እጅ ናት። ሐረር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና ገነት ነች። የጀጎል ውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች አሉ፣ የሐኪም ተራራ አለ። ወደ ጅጅጋ ሲኬድ ባቢሌን አለፍ እንዳሉ ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ የቆመው የዳካታ ቋጥኝ አለ።

ርካሽ መጫወቻ ላይ ጎማው ከቸርኬው ጋር በሱፐር ግሉ ይለጠፋል። ጎማው ሲያልቅ ቸርኬውንም አብረህ ትጥላለህ። ሻል ያሉት ቢድሎክ የሚባል ቸርኬ አላቸው። ይህ ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ መሃሉ እንደ በርሜል ያለ አካል ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ሁለት ቀለበት። የጎማው ጠርዝ (አጎቴ «ከንፈር» ነው የሚለው) በበርሜሉና በቀለበቱ መሃል ይገባና ዙሪያውን በብሎን ይነከሳል። የኔ ቸርኬ በአንድ ጎኑ 8 ብሎን አለው። በሁለት ጎን 16፣ በአራት ጎማ 64። ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ በቃ፣ እርሳው።

አገጣጠሙ ቀላል ይመስላል። ስፖንጁን ጎማው ውስጥ ታስገባለህ፣ ሳይጣጠፍ፣ ዙሪያውን እኩል። ጎማውን በርሜሉ ላይ ታለብሳለህ። ከንፈሩን በአውራ ጣትህ እየዞርክ ቦታው ላይ ታስቀምጥና ቀለበቱን ትደርብበታለህ። ብሎኖቹ በተርታ አይገቡም፤ አንዱ እዚህ፣ ቀጣዩ ትይዩው። ሁሉም እስኪነክሱ ድረስ አንዱንም አታጠብቅም። ከዚያ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልክ ደጋግመህ ትዞራለህ። አንዱን ጎን ቀድመህ ካጠበቅከው ከንፈሩ በወዲያኛው በኩል ያመልጥና ጎማው ሲዞር ይወላገዳል። ከልክ በላይ ካጠበቅክ ደግሞ የአልሙኒየሙ ጥርስ ይበላል፤ ያ ቀዳዳ አለቀለት ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? እውነተኛ መኪና ላይ ጎማውን ከቸርኬው ጋር የሚይዘው አየሩ ነው። የውስጡ ግፊት ከንፈሩን ወደ ውጭ እየገፋ ከቸርኬው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። አስፋልት ላይ ይሄ ይበቃል። አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ድንጋይ ላይ ግን ሹፌሩ አየር መቀነስ ይፈልጋል፤ ላላ ያለ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፣ ድንጋዩንም እንደ መዳፍ ያቅፈዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። አየሩ ሲቀንስ ጎማው መሬቱን ይይዛል፣ ቸርኬውን ግን ይለቃል። ቸርኬው ጎማው ውስጥ ለብቻው ይዞራል፣ ከመነዳሪ ካለውም አፉን ይበጥሰዋል፤ ሲብስ ጎማው ተላጦ ይወጣል። ስለዚህ ከንፈሩን ከአየሩ ሌላ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል።

ችግሩ የጎማን ያህል ዕድሜ አለው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 አየር የሚሞላውን የብስክሌት ጎማ ሲያስመዘግብ ጎማው ከእግሩ ጋር የሚያያዘው በሸራና በሙጫ ነበር፤ ልክ እንደ ርካሹ መጫወቻ። ብዙም ሳይቆይ ጠርዙ ወፈር ብሎ የቸርኬው መንጠቆ ውስጥ የሚገባ ጎማ መጣ፤ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በዚህ ሄዱ። በቀላሉ ስለሚወልቅ ግን ከውስጥ ጠርዙን ጨቁኖ የሚይዝ ብሎን በቸርኬው በኩል ይገባለት ነበር። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ አስነስቶ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሰው ሲድሊ መኪና የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በኋላ ጠርዙ ውስጥ የብረት ሽቦ ያለው ጎማ አሸነፈና ብሎኑ ከተራው መኪና ላይ ጠፋ። ያልጠፋው ጭቃና ጥይት ያለበት ቦታ ነው። ጦር ውስጥ።

ወደ ሐረር ልመለስ፤ የጎማን ታሪክ ለመንገር ከሐረር የተሻለ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ ሲታሰብ መድረሻው ሐረር ነበር። ተራራው ስለከበደ ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ቆመና እዚያ አዲስ ከተማ በቀለ፤ ድሬዳዋ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። አሮጌዋ ሐረር ተራራዋ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወደሷ የወጣ ነገር ሁሉ በበቅሎ ኮቴ፣ ኋላም በጎማ ነው የወጣው። የድሬ ልጆች በባቡራቸው ሲመጻደቁብን ይሄን ማንሳት ደግ ነው።

ጀጎል ራሱ ለመኪና አልተሠራም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስቱ ጥንታዊ በሮች የሰውና የጭነት ከብት በሮች ናቸው፤ መኪና በቀጥታ ገብቶ ፈረስ መጋላ የሚደርሰው በስድስተኛው፣ በሐረር በር ነው። የሚገርመው፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ስሙ «መኪና ግርግር» ነው። ትራፊክ የሚጨናነቅበት እንዳይመስላችሁ። ግርግሩ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ሲንጀር ነው። የጣሊያኑ «ማኪና» አማርኛ ውስጥ ገብቶ ልብስ የሚሰፋውንም ሰው የሚጭነውንም አንድ ላይ ያዘ።

አጎቴ ስለ ሥራው ሲያወራ እያንዳንዱ ዕቃ ጣሊያንኛ መሆኑን ያን ቀን በረንዳው ላይ ነው ልብ ያልኩት። ጎማው «ጎማ»፣ ሠራተኛው «ጎሚስታ»፣ ክቡ ብረት «ቸርኬ»፣ ማንሻው «ክሪክ»፣ ተጠባባቂው «ስኮርታ»፣ መፍቻው «ካቻቢቴ»። ከመነዳሪ እንኳ «ካሜራ ዳሪያ» ነው፤ የአየር ክፍል እንደማለት። አንዳንዱ ቃል ከጦርነቱ በፊት በነጋዴና በመካኒክ የገባ ይሆናል፤ በገፍ የገባው ግን በካሚዮን ነው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ሐረር በአውሮፕላን ተደበደበች። ግራዚያኒ ከደቡብ በኩል ከሶማሊያ ሲመጣ ከአሜሪካ ጭምር ባስገዛቸው የጭነት መኪኖች ተማምኖ ነበር። ከፊቱ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ነበሩ፤ ከኋላው ዝናብና ጭቃ። ሚያዝያ 30 ሐረር ገባ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት መንገድ ሲሠራ፣ ካሚዮን ሲጠገን፣ ጎማ ሲለጠፍ በጉልበት የሠራው የኛ ሰው ነው። ቃሎቹም በጆሮው ሳይሆን በእጁ ገቡ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ጦር በዚያው መንገድ ተመለሰ። የእንግሊዝ ጦር፣ አብዛኛው አፍሪካዊ ወታደር፣ ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ አድርጎ በካሚዮን እየተንከባለለ መጣ። የናይጄሪያ ወታደሮች በማርዳ ማለፊያና በባቢሌ ተዋግተው መጋቢት 17 ቀን 1933 ሐረር ገቡ። ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር መኪኖች ብዙዎቹ ቸርኬያቸው ለሁለት የሚከፈል ነበር። ሁለት ሳህን ፊት ለፊት ገጥሞ በብሎን የታሰረ አድርጋችሁ አስቡት፤ ጎማው በመሃላቸው ተነክሷል። የኔ መጫወቻ ትልቅ ወንድም ማለት ነው። ለወታደር መልካም ነገር ነው፤ በረሃ መሃል ያለ ማሽን ይፈታል፣ ይገጠማል። ግን እንዲህ ያለ ቸርኬ ላይ ሁለት ዙር ብሎን አለ። የውስጠኛው ዙር ቸርኬውን ከመኪናው ጋር ያስራል፤ ጎማ ልትቀይር ስትል የምትፈታው እሱን ነው። የውጭኛው ዙር ሁለቱን ሳህኖች እርስ በርስ ያስራል። አየር እያለ የውጭኛውን የፈታ ሰው የፈታው ብሎን አይደለም፤ ቦምብ ነው። በአንድ የካሚዮን ጎማ ውስጥ ባለ 3 ባር አየር ሳህኖቹን ለመለያየት የሚገፋው ኃይል በቶን ይቆጠራል። ብዕርና ወረቀት አውጥቼ አስልቼዋለሁ፤ ቁጥሩ ደስ አይልም። ስለዚህ እንግሊዞቹ የውጭኛውን ዙር ቀይ ቀለም ቀቡት።

«ጌታዬ» ይለዋል አጎቴ፣ ሥራ ያስተማረውን ሰው። ጌታው ልጅ ሆኖ እንግሊዞቹ ጋ ጎማ አንከባላይ ነበር፤ ከነሱ የተማረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ ለተማሪዎቹ ሁሉ አስተላለፈ፦ «ቀይ ብሎን አይነካም።»

ዓመታት አለፉ። ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ የአሜሪካን ጂፕና ካሚዮን መጣ። በከተማው ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲ ሆነ፤ ያ መኪና ሐረርን ወዶ ዛሬም ድረስ አልለቅ ብሏል። ለጎሚስታ ግን ከባዱ ዘመን 1970 ዓ.ም. ነበር። መስከረም ላይ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ቀጥሎ ጦርነቱ ሐረር ደጃፍ ደረሰ። የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፣ ኩባዎች መጡ። አብሮ የሶቪየት ካሚዮን መጣ። እንደ ጋዝ 66 እና ዚል 131 ያሉት ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ የጎማውን አየር እስከ ግማሽ ባር የሚቀንስበትና መልሶ የሚሞላበት መሣሪያ አላቸው። አየሩ እዚያ ድረስ ሲወርድ ጎማው እንዳይላጥ ቸርኬያቸው በብሎን የሚከፈል ነው፤ ውስጡ ከንፈሮቹን ወደ ግራና ቀኝ ወጥሮ የሚይዝ ቀለበት አለ። ቢድሎክ ማለት ይኸው ነው። እኔ በኢንተርኔት ቪዲዮ አይቼ እንደ አዲስ ግኝት የተደነቅኩበትን ነገር አጎቴ በ15 ዓመቱ ሲያንከባልለው ነበር።

ከሱ አንድ ዓመት የሚበልጥ ጓደኛ ነበረው። አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው ይሠሩ፣ አብረው ይበሉ፣ ማታ ማታ በአንድ ብርድ ልብስ ይተኙ ነበር። ስሙን ነገረኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። የጦሩ ጎሚስታዎች ሥራ ሲበዛባቸው ጎማ ወደ ሲቪሎቹም ይላክ እንደነበር አጎቴ ያስታውሳል። አንድ ቀን ጠዋት የራሻ ካሚዮን ጎማዎች መጡ፤ ስድስት ናቸው፣ በችኮላ ነው የተባለው። አንዱ ቀስ እያለ አየር የሚያፈስ ነበር። በእግር ሲመቱት የላላ ይመስላል።

«ጌታችን አልነበረም፤ ቤተሰቡን ሊያሸሽ ድሬ ወርዶ ነበር» አለኝ። «እኔን ሻይ አምጣ ተባልኩ። ሄድኩ።»

ጓደኛው ትምህርቱን አልረሳም። ቀይ ብሎን ፈልጓል። ያ ቸርኬ ላይ ግን ቀይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር የወታደር አረንጓዴ ነበር። ቀይ ስላልነበረ የማይነካ ብሎን አልነበረም። ከውጭኛው ዙር ጀመረ።

አጎቴ ድምፁን የሰማው ከሻይ ቤቱ ነው። መድፍ መስሎት መሬት ላይ ተኛ። በዚያ ሰሞን ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነበር። ተነስቶ ሲመለስ ብርጭቆዎቹ እጁ ላይ ነበሩ፤ አልተሰበሩም። ስለ ቀሪው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። የካቲት 26 ጅጅጋ ተመለሰች፤ ከተማው በደስታ ወጣ። አጎቴ አልወጣም።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ታሪክ በጣም የታወቀ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል እንቅልፍ የነሳኝ። አንድ ሰው አደጋ ያያል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ቀጣዩ ሰው ማስጠንቀቂያውን ይቀዳል፣ ምክንያቱን ግን አይቀዳም። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ሌላ ዕቃ ላይ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። እኔ ጋ ቢበዛ ሰርቨር ይወድቃል። የእንግሊዙ ቀለም ትክክል ነበር፤ የጌታውም ዐረፍተ ነገር ለእንግሊዝ ካሚዮን ትክክል ነበር። ብሎኑ ለምን ቀይ እንደሆነ ግን ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ የነገረው አልነበረም። ጌታውን መውቀስ ይከብደኛል፤ እሱም ሲማር ምክንያቱን የነገረው ሰው አልነበረ ይሆናል። በሌላው ዓለምም ነገሩ ቀድሞ የተገራ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ከአንድ በላይ ቁራጭ ባላቸው የካሚዮን ቸርኬዎች ብዙ ሠራተኛ ካለቀ በኋላ፣ ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ እንዲነፋ የሚያስገድድ የመንግሥት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የአጎቴ ጓደኛ ከሞተ ሁለት ዓመት ቆይቶ።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ለሚያስተምራቸው ልጆች ስለ ቀለም አላወራም። ጎማ የነካ ልጅ ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ እኔም በረንዳው ላይ የተጠየቅኩት። መልሱን በአፍ አይቀበልም ነበር። የከመነዳሪውን አፍ መክፈቻ አውልቆ፣ ሽቦ ከቶበት፣ ጉንጩን አስጠግቶ እስትንፋስ እንደሌለው ያያል። ሠላሳ ምናምን ልጅ አስተምሯል። ሁሉም በሕይወት እንዳሉ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ፤ ማን ሳውዲ እንዳለ፣ ማን ጅጅጋ የራሱን ቤት እንደከፈተ፣ ማን ጎማ ትቶ ባጃጅ እንደያዘ።

ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። «ስጠኝ እስቲ» አለና ጎማውን ከእጄ ወሰደው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በዓይኑ ሥር አዞረው። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ወጣ ብሎ ነበር፤ እኔ አላየሁትም፣ እሱ በጥፍሩ አገኘው። ብሎኖቹን ሁሉ አላልቶ እንደገና ጀመረ። አንዱ እዚህ፣ ቀጣዩ ትይዩው። ማንም አልነገረውም። ጣቶቹ ለ2 ሚሊ ሜትር ብሎን ወፍራም ስለሆኑ ሁለቴ ጣለው፤ ሁለቴም እኔ ከጋዜጣው ላይ ለቀምኩለት። አሥራ ስድስቱን ሲጨርስ ጎማውን በጣቱ አሽከረከረው። አልተወላገደም።

«በል የእህትህን የጥፍር ቀለም አምጣ» አለኝ።

«የቱን?»

«ቀዩን ነዋ!»

አየር የለውም'ኮ ልለው አሰብኩና ተውኩት። ገባሁና አመጣሁለት።